ስልክ የማይደውል ሕንፃ

ለሰው ሁሉ ቅጽል ስም በሚወጣበት በዚያ ሆስፒታል እሱን የሚጠሩት «ደህና አደረች» ብለው ነበር። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የሰው ኃይል ክፍሉና ሚስቱ ብቻ ናቸው ይባላል፤ ሚስቱም ብትሆን ካልተቆጣች በስሙ አትጠራውም።

ቅጽል ስሙን ያመጣበት የራሱ አፍ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሐኪሞቹ ገና ጋዋናቸውን ሳይቆልፉ፣ በአሮጌው ሕንፃ ከካርድ ክፍል ይጀምርና ክፍል ለክፍል ይዞራል። በአንድ እጁ የቀለም ብሩሽ፣ በሌላው የታጠፈ ጨርቅ፣ በደረት ኪሱ ሁለት ብሎን መፍቻ አለ። በር ላይ ይቆምና ሰዎቹን ሳይሆን ኮምፒዩተሯን እያየ «ደህና አደረች?» ይላል። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ «እኛ ታመን ብንተኛ ዞር ብሎ የሚያየን የለም፣ ብረቷ ግን በየጠዋቱ ጠያቂ አላት» እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ወደ ማሽኗ ይጠጋል። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ያስጠጋል፣ የእጁን ጀርባ በማሽኗ ጎን ላይ ያሳርፋል፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካው። ከዚያ ወይ «ደህና ናት» ብሎ ይወጣል፣ ወይ ብሎን መፍቻውን ያወጣል።

በዚያ ዙር የሚያገኘው ነገር ሁልጊዜ ኢምንት ነው። የላላ ገመድ፣ አቧራ የጠገበ ማቀዝቀዣ ፋን፣ ወረቀት ማኘክ የጀመረ ፕሪንተር፣ አንዷ ነርስ የሻይ ብርጭቆ ያስቀመጠችበት የገመድ ማከፋፈያ ሳጥን። እዚያው ያስተካክለዋል። ችግሩ መኖሩን ሰው ሳያውቅ ችግሩ ያልፋል። እንዲህ ሲሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። የተለየ ሰው ነበር ለማለት አይደለም። ጨዋታ አያውቅም፣ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል፣ ሻይ ሲጋብዙት ደስ ይለዋል፣ የመጋበዝ ተራ ሲደርሰው ደግሞ አንድ ኬብል ይታወሰዋል። ግን ያቺን ዙር ይወዳት ነበር። በዓለም ላይ በትክክል እችለዋለሁ የሚለው ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

በአዲሱ ሕንፃ የተመደበው ሌላ ነው። ከእሱ በአሥራ ስምንት ዓመት የሚያንስ፣ ቀልጣፋ፣ ሰው የሚወደው ወጣት። እሱን «እሳት አደጋ» ይሉታል። እሳት አደጋ ዙር የሚባል ነገር አያውቅም። ስልክ ሲደወል ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይደርሳል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ ላብ በላብ ሆኖ ይወጣል፤ ነርሶቹ «አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር!» ይሉታል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሥራውንም ያውቃል። ብቻ ነገሩ ካልነደደ አይታየውም።

የብልሽት ጥሪዎች ሁሉ የሚያልፉት በስልክ ኦፕሬተሯ በኩል ነው። እሷን እትዬ ሃሎ ይሏታል። ከመግቢያው አጠገብ፣ መስኮቷ እንደ ቲኬት መሸጫ በጠበበ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ስልኩን ታነሳለች፣ ትልቅ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሕንፃ፣ አቤቱታ፣ የተላከው ሰው። አንዲት መስመር አትዘልም። ምሳ በልታ ስትመለስ እንኳ እጇን ታጥባ ነው መዝገቡን የምትነካው።

ከዚያ ገበያው ታመመ። የከተማው ፋብሪካዎች መጀመሪያ አንዱን ፈረቃ አጠፉ፣ ቀጥለው ሌላውን፣ አንዳንዶቹም በራቸውን ዘግተው ጥበቃ ብቻ አስቀሩ። ሆስፒታሉ የሚኖረው ፋብሪካዎቹ በውል በሚልኳቸው ሠራተኞች ስለነበር አልጋዎቹ ባዷቸውን ቀሩ። በየክፍሉ ሰው ይቀነስ ተባለ። ከኮምፒዩተር ክፍል ስድስት ሰዎች አራቱ መውጣት ነበረባቸው።

አስተዳዳሪው ፍትሕ የሚወድ ሰው ነበር። በወዳጅነት ቀነሰ፣ በቂም ቀነሰ እንዳይባል ተጨነቀ፤ ሲጨነቅ ደግሞ ይቆጥራል። የእትዬ ሃሎን መዝገብ አስመጥቶ የአንድ ዓመቱን ጥሪ አስቆጠረ። ከአዲሱ ሕንፃ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ከአሮጌው ዘጠኝ፤ ከዘጠኙም ሦስቱ በስሕተት የተደወሉ ናቸው።

«ዘጠኝ» አለው አስጠርቶ። «ዓመት ሙሉ ዘጠኝ ጥሪ።»

«እነሱ አይደውሉም እኮ» አለ ደህና አደረች። «እኔ ነኝ የምሄደው።»

«ወዴት?»

«ወደ ክፍሎቹ። ጠዋት ጠዋት።»

«ማን ልኮዎት?»

«ማንም።»

«ጥሩ። የት ተመዝግቧል?»

ደህና አደረች ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የት እንደተመዘገበ የሚያውቁት የካርድ ክፍሏ ሴትዮና ጉልበቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ መዝገብ አይደሉም። አስተዳዳሪው እውነቱን ለመናገር አዝኖ ነበር። ደብዳቤውን ሲሰጠው ከወንበሩ ተነስቶ ነው። ደብዳቤው ላይ «በተመደቡበት ሕንፃ በቂ ሥራ ባለመኖሩ» የሚል አለ። ደህና አደረች ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ተባረርክ መባሉ ሳይሆን ሥራ አልነበረህም መባሉ ነው አንጀቱን የቆረጠው። ወጣና ብሩሹን ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ፤ የሆስፒታሉ ንብረት አልነበረም፣ በራሱ የገዛው ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ሆኖ የፊተኛው የእሷ ሱቅ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁመት መስተዋት። በመጀመሪያው ሳምንት ደህና አደረች ያለ ልማዱ እስከ ሁለት ሰዓት ተኛ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ፣ ብሩሹን ይዞ፣ ከሱቁ በር ላይ ቆመ። የስፌት መኪናዋን እያየ «ደህና አደረች?» አለ።

ሚስቱ መርፌ በአፏ ይዛ ነበር። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ሰካችው። «እኔን ጠይቀኝ! ሃያ ሁለት ዓመት አጠገብህ ስተኛ አንድ ቀን ደህና አደርሽ ወይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺማ ካመመሽ ትናገሪያለሽ» አለ። ይህን ያለው በቅንነት ነው። ሦስት ቀን አኮረፈችው፤ በአራተኛው ቀን ግን መኪናዋ እንደዚያ ጊዜ ጸጥ ብላ ሠርታ እንደማታውቅ አምና ተቀበለች።

ኋላ የሚስቱ ወንድም ያለው ላውንደሪ ቤት ገባ። ልብስ ይቀበላል፣ ቁጥር ያያይዛል፣ ማጠቢያ ማሽኖቹን ያያል። ሦስቱ ባልደረቦቹም እንዲሁ ተበተኑ። አንዱ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ይሸጣል፣ አንዱ ታክሲ ያዘ፣ አንዷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከአገር ወጣች። በከተማው ያለው የሙያ ማሠልጠኛ የኮምፒዩተር ጥገናውን ትምህርት ዘጋው። ተቀጣሪ በሌለበት ማን ይማራል? መምህሩ የመጨረሻዎቹን አምስት ተማሪዎች አስመርቆ፣ የማስተማሪያ ክፍሉን ለልብስ ስፌት ክፍል አስረክቦ ሄደ። ያን ጊዜ ይህን እንደ ጉዳት የቆጠረው አልነበረም።

አሮጌው ሕንፃ ደግሞ የሚገርም ነገር አሳየ። አምስት ወር ሙሉ ያለ ጠባቂ እንደ በፊቱ ሠራ። አስተዳዳሪው ስብሰባ ላይ «እንዳያችሁት ውሳኔያችን ትክክል ነበር» አለ። ማሽኖቹ የሚሠሩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጽዳት መሆኑን ማንም አላወቀም። በስድስተኛው ወር የካርድ ክፍል ፕሪንተር ጉሮሮው ተዘጋ። በሰባተኛው የማዋለጃው ኮምፒዩተር እየጠፋ መነሳት ጀመረ። እሳት አደጋ አሁን በሁለት ሕንፃ መካከል ይሮጣል፤ ጫማውን በሦስት ወር ይጨርሳል። ጥሪው በዛ፣ ጥሪው ሲበዛ ምስጋናውም በዛ፣ እሱ ግን ከሳ።

ሁለት ዓመት ተኩል አልፎ ገበያው ሲያገግም፣ ፋብሪካዎቹ በአንድ ጊዜ ከእንቅልፋቸው ተነሱ፤ ሁሉም ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። አንድ የጭነት ድርጅት እሳት አደጋን ከሆስፒታሉ አፍ ነጥቆ ወሰደው። በሳምንት ውስጥ ወጣ፤ ቁልፎቹን ለእትዬ ሃሎ ሰጥቶ «አይዞሽ» አላት። ከእሱ ጋር የቀረው ባልደረባም በወሩ ተከተለው።

አስተዳዳሪው ማስታወቂያ አወጣ። የመጀመሪያው ዲግሪና የስምንት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ማንም አልመጣም። ሁለተኛው ዲፕሎማና ሦስት ዓመት አለ። አንድ ሰው መጣ፤ የሚከፈለውን ሲሰማ ሳቀና ሻይ ቤቱ ወዴት እንደሆነ ጠይቆ ወጣ። ሦስተኛው «ለሙያው ፍላጎት ያለው» ይላል። ለዚህ አሥራ አንድ ሰው ተመዘገበ፤ ዘጠኙ ፍላጎት ብቻ ነበራቸው፣ ሁለቱ እሱም አልነበራቸውም። በዚያው ሰሞን ስልኩ ወደ አውቶማቲክ ተቀየረና ኦፕሬተር አላስፈለገም። አስተዳዳሪው አሰበና እትዬ ሃሎን በአርባ ስድስት ዓመቷ የኮምፒዩተር ክፍል ባለሙያ አደረጋት። የቅጥር መስፈርቱ «ብልሽቶችን ለረጅም ዘመን የምታውቅ» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ታውቃቸዋለች፤ በስማቸው።

አንድ ማክሰኞ የላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ግሎ ቆመ። የዚያን ጠዋት የአርባ ሰው ውጤት ይዞ ጠፋ። ሁሉም እንደገና ደም ተወሰደበት። አንዲት ትንሽ ልጅ በሁለት ቀን ሦስት ጊዜ ተወጋች፤ እናቷ ኮሪደሩ መሐል ቆማ «ደሙን ለማን ነው የምትሰበስቡት?» ብላ ጮኸች። እትዬ ሃሎ ብሎን መፍቻ ይዛ አጠገቧ ነበረች። የት እንደሚፈታ አታውቅም። በማግስቱ ላውንደሪ ቤቱን አጠያይቃ ሄደች።

ደህና አደረች በባንኮኒው ጀርባ የሰው ኮት ላይ ቁጥር እያያያዘ ነበር።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» አለችው።

«እግዜር ይመስገን። ምን ላድርግልሽ፣ ኮት ነው?»

«ላቦራቶሪዋ ሞተችብን።»

ኮቱን አስቀመጠው። «ስትሞት ምን አለች?»

«ምን ትላለች?»

«ፋኗ ነዋ። ከመሞቷ በፊት አላጉረመረመችም?»

«እኔ እንጃ» አለች እትዬ ሃሎ፤ ዕንባዋ መጣ። «ያኔ የቆጠሩት የእኔን መዝገብ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«አንዲት ውሸት አልነበረበትም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ግማሽ ነበር እንጂ» አለች። ደህና አደረች ኮቱን አንስቶ ሰቀለው፤ ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ብሩሹን አወጣ።

አስተዳዳሪው በክብር ተቀበለው፣ ወንበርም ሳበለት። ግን ሰውየው ያው ሰውየው ነው። የሦስት ወር ውል አቀረበ፤ «ነገሩ እስኪረጋጋ»። ከሦስት ወር በኋላ ጥሪዎቹ ይታያሉ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ መኖሩ ከተረጋገጠ ደህና አደረች ቋሚ ይሆናል። ካልተረጋገጠ ሠልጥና የምትጠብቀው እትዬ ሃሎ ትበቃለች።

ደህና አደረች ፈረመ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ነው ምን እንደፈረመ የገባው። በደንብ ከሠራ ስልኩ አይደወልም፤ ስልኩ ካልተደወለ ደግሞ ይወጣል። የላውንደሪው ቦታ ተይዟል፣ ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው፣ ሌላ ቦታ ቢሄድ የሚጠይቁት እሱ የማያውቀውን አዳዲሱን ፕሮግራም ነው። ይህቺ ዙር ካመለጠችው ሌላ ዙር አይኖረውም።

እንዲያም ሆኖ ዞረ። እትዬ ሃሎ ደብተር ይዛ ከኋላው ትከተላለች። ልጁን ገበያ እንደሚያስተምር አባት ቀስ እያለ አሳያት። «ጆሮሽን አምጪ። ይኼ ንፋስ ነው፣ ጤና ነው። ይኼን ስሚ፤ ሚጥ፣ ሚጥ የሚለውን። እሱ አቧራ ነው። ጥርስ እንደማፋጨት ሲሆን ግን ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው ያላት። በእጅሽ መዳፍ አትተማመኚ፣ መዳፍ ሥራ የለመደ ነው፤ በጀርባው ንኪ።» እሷ ሁሉንም ትጽፋለች። ይህን ያህል ምን እንደምትጽፍ አንድ ቀን ጠየቃት። «ልማድ ነው» አለችው። እሱም ተወው።

በመጀመሪያው ወር መቶ አርባ ጥሪ ነበር። በሁለተኛው ሃምሳ ስምንት። በሦስተኛው ወር እስከ አጋማሹ ሁለት ብቻ ተደወለ፤ አንደኛው የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ስልኩ ይሠራ እንደሆነ ለማየት የደወሉት ነው። ሆስፒታሉ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ደህና አደረችን ብቻ እራት አልወርድ አለው።

«ታዲያ አንዷን ትንሽ ብትተዋትስ?» አለችው ሚስቱ እየሳቀች። «ትንሽ ታጉረምርም። ሁለት ሦስት ጊዜ ትደወል። ማን ይሞታል?»

«እንዲህ ያለ ነገር አይቀለድም» አለ። ሚስቱ ሳቋን ቀጠለች፣ ነገሩንም ረሳችው። እሱ አልረሳውም።

ግምገማው ዓርብ ነው። ረቡዕ ጠዋት እትዬ ሃሎ ካርድ ክፍል የፕሪንተር ቀለም ስትቀይር እሱ ብቻውን ላቦራቶሪ ገባ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ብልቃጦች ትደረድር ነበር። ጎንበስ አለ። ኮምፒዩተሯ ጥርሷን ታፋጫለች። በጥርጣሬ የሚያልፍ ድምፅ አልነበረም። የእጁን ጀርባ አስጠጋ፤ ትኩሳት አላት። በኪሱ ሁለት ብሎን መፍቻ አለ፣ በዕቃ ክፍል አዲስ ፋን አለ፣ ሥራው የሩብ ሰዓት ነው። ነገ ትቆማለች፣ ወይ ዛሬ ማታ። ስልኩ ይደወላል፣ እሱም ይሮጣል፣ ሁሉም ያዩታል። ዓርብ ነው ግምገማው።

«እንዴት ናት፣ ደህና አደረች?» አለች ኃላፊዋ ልታስቀው።

«ደህና ናት» አለ፣ ወጣም።

በሃያ ሁለት ዓመት አካባቢ በዚያ ቃል ሲዋሽ የመጀመሪያው ነበር። ማዋለጃ ሄደ፣ ምንም አልሰማም፤ ማሽኗ ደህና ስለሆነች ሳይሆን ጆሮው ላይ ሌላ ነገር ስለነበር ነው። ራጅ ክፍል ሄደ። ሦስት ጊዜ የተወጋችውን ልጅ አያውቃትም፣ ግን እናትየዋ ያለችውን እትዬ ሃሎ ነግራው ነበር። እስከ አምስት ሰዓት ቻለው። ከዚያ ወደ ዕቃ ክፍል ሄዶ አዲሱን ፋን አወጣና፣ ኪሱ ውስጥ እንደ ሌባ ሸሽጎ፣ ኮሪደሩን በሩጫ አቋረጠው። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ሰው ሲሮጥ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ላቦራቶሪዋ ጸጥ ብላለች። ንፋስ ብቻ። ጎኗን በእጁ ጀርባ ነካው፤ ቀዝቅዟል። አሮጌው ፋን ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ላይ ተቀምጧል። ብሎኖቹ ከነቅደም ተከተላቸው ተደርድረዋል፤ እሱ ያስተማራት አደራደር ነው።

«እትዬ ሃሎ ከአንተ በኋላ ገባች» አለች ኃላፊዋ። «‹እሱ መጥቶ ነበር?› አለችኝ። ‹አዎ፣ ደህና ናት ብሎ ሄደ› አልኳት። ጎንበስ ብላ ሰማችና ቀየረችው።»

ያን ቀንም በማግስቱም እትዬ ሃሎ ምንም አላለችው። እንደ ልማዷ ሻይ አመጣችለት። እሱ ሳይሰማው እንዳለፈ አድርጋ አስባ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። አርጅቷል ብላ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አርጅቷል እንዲለው ተመኘ።

ዓርብ ሦስቱም በአስተዳዳሪው ክፍል ተቀመጡ። አውቶማቲኩ ስልክ ያተመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው።

«በዚህ ወር ሁለት ጥሪ» አለ አስተዳዳሪው። «ሥራዎ ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው። ግን እንግዲህ ቁጥሩን ያዩታል…»

እትዬ ሃሎ ከዘንቢሏ ወፍራም ደብተር አውጥታ በወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼስ ምንድነው?»

«ያልተደወሉት ናቸው» አለች። «ያኛውን መዝገብ ያመኑት እኔ ስለጻፍኩት ነበር። ይኼንንም እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

አስተዳዳሪው ገለጠው። በማስመሪያ የተሰመሩ ዓምዶች ናቸው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍል፣ ምን ተገኘ፣ ማን ሰማው፣ ምን ተደረገ፣ ባይደረግ መቼ ይቆም ነበር። ሰውየው መቁጠር ይወዳል ብያለሁ። ብዕሩን አነሳና ቆጠረ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። «ሁለት መቶ ሰባ አንድ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ያን ዘጠኙን ያስታወሰው ያኔ ይመስለኛል፤ ፊቱ ደም መሰለ።

ደህና አደረች ዓምዶቹን በዐይኑ ተከተላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልጻፈለትን አንዲት ሴት በሦስት ወር ጽፋለታለች። ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

አስተዳዳሪው የመጨረሻዎቹን ገጾች መልሶ አየና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አቆመ። ባዶ ቦታ አይወድም። «ረቡዕ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋን። ተቀይሯል። ‹ማን ሰማው› የሚለው ግን ባዶ ነው። ረስተሽው ነው?»

«አልረሳሁትም» አለች እትዬ ሃሎ።

«የቀየርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የሰማሽው አንቺ ነሻ።»

«ከእኔ በፊት የሰማው አለ» አለች። ዐይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዝም ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ተብሎ ይሞላ ነበር፣ ወይም አንድ ነርስ። ቋሚ ሥራው ጠረጴዛው ላይ፣ ሊነካው በሚችልበት ርቀት ነበር። ደህና አደረች እጁን ዘረጋ፣ ብዕሩን ከአስተዳዳሪው ተቀበለ፣ ባዶው ቦታ ላይ ስሙን ጻፈ። ቅጽል ስሙን ሳይሆን ሰው የማያውቀውን ስሙን።

አስተዳዳሪው አነበበው። «እርስዎ? ሰምተው ምን አደረጉ?»

«አልፌ ሄድኩ።»

«ለምን?»

«እንዲደወል ብዬ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ የአልጋ ጎማ ሲያልፍ ተሰማ። አስተዳዳሪው ደብተሩን ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ፣ እንደገና ዘጋ።

«ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ አውጥቻለሁ» አለ። «ማሠልጠኛው ተዘግቷል፣ ያስተማረው መምህር የት እንዳለ አይታወቅም። ልንገርዎት? በእርስዎ ቦታ የማስቀምጠው አንድ ሰው ቢኖረኝ ዛሬውኑ አሰናብትዎት ነበር።» ደብተሩን ወደ እሱ ገፋው። «የለኝም።»

ደህና አደረች ይህን ያህል የተመኘውን ነገር ያገኘው በዚህ አኳኋን ነው።

ሰኞ የደረሰው ደብዳቤ ላይ «በተመደቡበት ሕንፃ በቂ ሥራ መኖሩ ስለተረጋገጠ» ይላል። ለሚስቱ አሳያት። ደስ ብሏት ልታቅፈው ስትል ፊቱን አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ እኮ ቀልዴን ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ ነኝ ያልቀለድኩት።»

በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብሩሹን ይዞ፣ ካርድ ክፍልን ትቶ፣ ከላቦራቶሪ ሊጀምር ሄደ። እትዬ ሃሎ እዚያ ነበረች። ጋዋኗን ለብሳ፣ ጎንበስ ብላ፣ የእጇን ጀርባ በማሽኗ ጎን ላይ አሳርፋ። ስታየው ቀና አለች።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ» አለች በፍቅር፣ ሻዩንም አቀበለችው።

«ደህና አደርሽ» አለ፤ በዚያ ሆስፒታል ለሰው ሲል የመጀመሪያው ነው። «እሷስ?»

«ደህና ናት። አይቻታለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙሩን የሚዞሩት አብረው ነው፤ እስካሁንም ይዞራሉ። ላቦራቶሪዋን ግን እሷ በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ቀድማ ገብታ ታያታለች። ለምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም።